የታችኛው ቅርንጫፍ

አባቴ ቶኩዞ መንደሪኑን ነቅሎ ጥድ በተከለ ጊዜ፣
ጎረቤት «አበደ» አለ፤ አክስቴ «የጉልምስና አባዜ»።
እኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ ኬይጎ ገና ተማሪ፤
የሺኮኩ ዳገት ነው፣ ከታቹ ባሕር፣ ከላዩ ጭላት ዟሪ።
ሦስት መቶ ቀንበጥ፣ እርሳስ የማያክሉ፣
በረድፍ ቆመው ከነፋስ ይታገላሉ።

ከመትከሉ በፊት የመዳብ ሽቦ ጠመጠመ፤
አንድ ባንድ፣ በአውራ ጣቱ፣ ሁሉንም አጣመመ።
«ቀጥ ብሎ ላደገ ገዢ አይመጣም» አለኝ፣
«ጎባጣው ነው ውዱ»፤ ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀልኝ።
ከየሥሩ በታች የጣራ ሸክላ አነጠፍን፣
ሥሩ ቁልቁል እንዳይሰርግ፣ ዳር ዳሩን እንዲሄድልን።

ሳህን ላይ ያለ ጥድ ዓመት ቢበላ ፀጉር ያህል ነው የሚወፍር፤
መሬት የገባው ግን ጥጃ ነው፣ ጠግቦ የሚዘል አጥር።
ስለዚህ በሦስት በሦስት ዓመት፣ ቅዝቃዜው ሳይለቅ፣
ዙሪያውን አካፋ ሰድሬ፣ እግሬን ጭኜ፣ ሥሩን ማድቀቅ።
«ያለቅሳል» የሚሉ አሉ። እኔ አልሰማሁም። ድምፁ «ቀጭ» ነው፤ በቃ።
የሚያቃስት ካለ እኔ ነኝ፣ ወገቤን ይዤ፣ እንደ አሮጌ ዕቃ።

አንድ ነገር አለ፣ ገዢ የማያየው፣
ግንዱን አወፍሮ ለወግ የሚያበቃው፤
ከታች የሚወጣ፣ እንዲሁ የሚለቀቅ፣
ማንም የማይከረክመው፣ መቀስ የማያውቅ፣
ረጅም ቅርንጫፍ፤ ጋጠወጥ፣ ልቅ፣ ስድ፤
እሱ ሲፈረጥም ነው የሚወፍረው ግንድ።
አባቴ ስም ሰጥቶት «ገባር» ይለዋል፤
ፀሐዩን ለቅሞ ቁልቁል ያስገባል፤
ግንዱ በቃኝ ያለ ለት በመጋዝ ይነሣል።

ኬይጎ ኦሳካ ገባ። የክፍሉ ኪራይ፣ መጽሐፉ፣ የባቡሩ ዋጋ
ከአራተኛው ረድፍ ሽያጭ ነው፣ ከአምስተኛው፣ ከእኔ ክረምትና በጋ።
በየአዲስ ዓመቱ ኬክ ይልክልናል፣ ባማረ የቆርቆሮ ሣጥን፤
ቆርቆሮው ለሽቦ ሆነ፤ ኬኩን እኔና አባቴ ቆመን ጨረስን።
ማንም «ቆዪ» አላለኝ፤ «ሂጂ»ም ያለኝ የለ፤
ሣር በቀለ፣ ሣር ነቀልን፤ ዓመቱ እንደዚያው ተንከባለለ።

አባቴ የሞተ ዓመት ሽቦ መፍታት ረሳሁ።
ኋላ ዞሬ ሳይ፣ በዐርባ ጥዶች ላይ፣ ቅርፊቱ መዳቡን ውጦ ደረስሁ።
ገዢዎች ይወዱታል፤ «የማዕበል ጠባሳ» ይላሉ፣ ይዳስሳሉ፤
እኔ አልዋሽም፤ ዝም እላለሁ፤ እነሱ ይከፍላሉ።

ባለፈው መኸር ኬይጎ መጣ፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ጫማው ያበራል፤
አብሮት አንድ ነጋዴ፣ በመዳፉ ግንድ ይለካል።
«ሱሚኤ፣ ሰባተኛው ረድፍ ደርሷል፤ ገባሮቹን አንሺ» አለኝ፣ በአባታችን ድምፅ ሊናገር።
መጋዝ አወጣሁ። ሸተተኝ፣ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ፣ የትምህርት ቤት ነገር።
ቀለበቱን ቆጠርሁ፤ ሠላሳ ሆነ፤
በዕድሜዬ የቆጠርሁት ቀለበት ያው እሱ ብቻ ሆነ።
ጉቶውን ጣት ያህል ትቼ፣ ልጬ፣ ኖራና ድኝ ቀባሁት፤
ይነጣል፣ አጥንት ይመስላል፤ ብዙ የሚከፈለው ለዚህ ነው፣ ለሞቱ ምልክት።

የመጨረሻዋ ጥድ ከውኃው ጋን ጎን ናት፤
ገባሩ ከግንዱ ወፍሮ፣ ማን ማንን እንደያዘ የማይታወቅባት።
ወንድሜ ቆሞ ያየኛል። መጋዙን አስጠጋሁ፤ አነሣሁ፤
ከዚያ ከቅርንጫፉ በላይ፣ አባቴ ያጣመመውን፣ ግንዱን፣ ግንዱን ቆረጥሁ።
ነጋዴው «ወይኔ፣ ባከነ!» አለ። «አዎ» አልሁት።
ኬይጎ ጫማውን አየ፤ ምንም አላለ፤ እኔም አልጠየቅሁት።

ያ ጎባጣ ግንድ አሁን የመጋዘኑን በር ይደግፋል፣ ነፋስ እንዳይዘጋው።
ቅርንጫፉ ግን በፀደይ ወደ ባሕሩ ሁለት ስንዝር ሄደ፤
አልለካሁትም፤ በዓይኔ ነው።