አደባባይ

ከቂርያት ጋት መውጫ፣ ከነዳጅ ማደያው ዝቅ ብሎ
አንድ አደባባይ አለ፣ አንድ የወይራ ዛፍ በመሃሉ አብቅሎ።
ዛፉን ከሌላ ቦታ ነቅለው ነው ያመጡት፣
ሥሩን በጆንያ ጠቅልለው፣ በክሬን አንጠልጥለው የተከሉት።
በዚህ እንመሳሰላለን። ግን እሱን ሰው ይዞረዋል፤
እኔ እሱን ስዞር ነው ጊዜዬ ያለፈው።

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ፣
በአምስተኛው ፈተና ነው፣ አራቴ ጥሎኝ።
አስተማሪዬ ግሪሻ፣ ዕብራይስጡ እንደኔው የተሰባበረ፣
"ታንጉት፣ መሪውን አትነቂው፣ አንገት አይደለም" እያለ የመከረ።

ከዚያ ወዲህ ነጯን ሱዙኪ ይዤ
ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ቤት፤
ማክሰኞ ማክሰኞ እስከ አደባባዩ፣
አንድ ዞር፣ ሁለት ዞር፣ ከዚያ በመጣሁበት።
አራት በር አለው። አንዱ ወደ ሰፈሬ፣
አንዱ ወደ ፋብሪካው፣
ሦስተኛው ወደ መቃብሩ (ለእሱ አልቸኩልም)፣
አራተኛው ወደ ቤርሼባ፣ ልጄ ያለችበት።

"አንድ ቀን" እላለሁ። ፀሐዩ ሲበርድ። ጭነት መኪናው ሲቀንስ።
መነጽሬን ስቀይር። ከፋሲካ በኋላ።
ፋሲካ ሦስቴ መጣ፣ ቂጣው ሦስቴ ተበላ፤
ምክንያቴ ግን አላለቀም።
ሊአት በየሐሙሱ በአውቶቡስ ትመጣለች፣ ልብሷን ተሸክማ፤
"እማ፣ አርባ ደቂቃ እኮ ነው" ትላለች፤
ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ እንዳልሰማ።

ይህን የምለው እኔ ነኝ፣ በዘጠኝ ዓመቴ
ቀን ቁጥቋጦ ሥር ተኝቼ፣ ሌሊት በእናቴ
ነጠላ ጫፍ ተቋጥሬ እስከ ሱዳን የዘለቅሁት።
ያኔ "ትችያለሽ ወይ?" ያለኝ የለም፣
እኔም ራሴን አልጠየቅሁት።
ጥያቄውን የተማርኩት ተደላድዬ ስቀመጥ ነው።

አሁን አስፋልት ተነጥፎልኝ፣ ነጭ መስመር ተሰምሮልኝ፣
በሦስት ቋንቋ ሰሌዳ ቆሞልኝ፣
አንድ ዛፍ አሰረኝ!
አይ፣ ዛፉን ለምን አማለሁ። ገመዱን የገመድኩት እኔ፣
ቋጠሮውን ያጠበቅሁት እኔ፣ "ማን አሰረኝ?" ባይዋም እኔ።
በአማርኛችን "አደባባይ ወጣ" ማለት ተገለጠ፣ ታየ ማለት ነው፤
እኔ አደባባይ የምወጣው ልደበቅ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ሦስተኛውን ዙር ስጀምር፣
የዳቦ መኪና ከኋላዬ። ሾፌሩ ልጅ እግር።
ጥሩምባ አልነፋም። ጎኔ ደርሶ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣
ፊቱ ላይ ዱቄት ይሁን ድካም እንጃ፣
"አክስቴ፣" አለኝ፣ "እዚህ ሰው አይኖርም። ወይ ውጪ፣ ወይ ግቢ።"

እግሬ ቀደመኝ። አራተኛው በር ዋጠኝ።
መሪውን አነቅሁት፤ ግሪሻ ይቅር ይበለኝ።
ጭነት መኪና ሲያልፈኝ ሱዙኪዋ እንደ ቅጠል ራደች፤
ዳዊት መድገም ጀመርኩ፣ መሃሉ ላይ ጠፋኝ።
በሰማንያ ነው የሄድኩት። ሰው ሁሉ ይቀድመኛል፤ ይቅደም።
የታጨደ ስንዴ ቢጫውን ለብሶ፣ ከዚያ የጥድ ደን፣
ከዚያ የበደዊኖቹ ግመሎች፣ ዞረው እንኳ ያላዩኝ።
ይኸው ነው? አልኩ። ይህን ነው ስፈራ የኖርኩት?
ፍርሃቱ ግን አልወረደም። ጎኔ ተቀምጦ አብሮኝ ደረሰ፤
ቀበቶውን አሰርኩለት እንጂ መሪውን አልሰጠሁት።

ቤርሼባ ውስጥ ሦስቴ ተሳሳትኩ፣ አንድ ባለሱቅ አቃናኝ።
ከፎቁ ሥር ደወልኩ፤ "ውረጂ" ብቻ፣ ሌላ አልወጣኝ።
ወረደች፣ ፀጉሯ በሻምፖ አረፋ እንደነጨ፣
ግራ ቀኙን አየች፣ ከኋላዬ ሰው ፈለገች።
"ማን አመጣሽ፣ እማ?"

"እኔ።"

ስንመለስ መስታወቱ ላይ ወረቀት ተሰክቷል፤
ለካ ቀይና ነጩ ጠርዝ ላይ ነው ያቆምኩት።
መቶ ሼቄል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የመንገዱ ስም፣ የመኪናዋ ቁጥር።
ብሩን ከፍያለሁ። ወረቀቱ ግን ማቀዝቀዣዬ ላይ ተለጥፏል፤
እዚያ እንደነበርኩ የመንግሥት ምስክር ነው።