ስቱኮ በታኅሣሥ

ታኅሣሥ ነው፤ ደብረ ብርሃን፤ ውርጩ ጓሮውን መትቶታል፣
ትናንት የቀባሁት ስቱኮ ዛሬም እንደ ሊጥ ይጎተታል።
አባቴ ሸዋንግዛው በርጩማውን ይዞ ወጥቷል፣
ፀሐይ የምታርፍበትን ጥግ ከእኔ በፊት አግኝቷል።
ዐይኑ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ከነጭ በቀር አያይበት።
"የጣርማ በር ጉም ነው" ይላል፣ "ጥሩንባ እየነፋሁ ያለፍኩት፣
ጡረታ ስወጣ ጊዜ ተከትሎኝ መጣ ቤት።"

ፔጆዋ ጎማ አውልቃ በአራት ድንጋይ ላይ ቆማለች፣
ግንባሯ ነጭ ስለሆነ "ቦራ" ተብላ ተጠርታለች፤
ነጩ ግን ከሌላ መኪና ተነቅሎ የመጣ ኮፈን ነው፣
አባቴ ለሰው አይነግርም፤ "ከናቷ ሆድ ይዛው ወጣች" ነው የሚለው።

ወለሏን ዝገት በልቶት መሬት ያሳይ ነበር፤
ሄጄ አመጣሁ ከደምሰው ፀጉር ቤት በር
ንፋስ የጣለውን ታፔላ፤ ቀጥቅጬ፣ በያጅ ጠርቼ፣
ከሹፌሩ እግር ሥር አስበየድኩት፣ ፊደሉን ወደ ላይ አስተኝቼ።
አሁን ምንጣፉን ለገለጠ፣ ፍሬኑ አጠገብ ተበይዶ፣
"ፂም እንላ" የሚል ይነበባል፤ "ጫለን" ቀርቷል ተጎርዶ።

ጎረቤት ይስቃል። "ሴት ልጅ ከመዶሻ ምን አላት?"
ወይዘሮ አስካለ በአጥር፦ "ሸጣችሁ በግ ግዙባት!"

አባቴ አይመልስም። ይነሣል። እጁን በሱሪው ይጠርጋል።
ከፓራፋንጎው ጀምሮ በመዳፉ ዝቅ ይላል።
"ዐይን ይዋሻል፣ ልጄ፤ ቀለም ካበራለት ይታለላል፤
መዳፍ ግን ጉብታ ያውቃል።
እዚህ ጋ፣ አንድ ወረቀት ያህል፣ አይሰማሽም? አብጧል።"
እኔም በብርጭቆ ወረቀት፣ በውኃ፣ እንደገና በቀስታ፣
ጣቶቼ እስኪደነዝዙ፣ ጠዋቱ እስኪሆን ማታ።

ስርጉዷን ሁሉ ያውቃል፣ እንደ ነፍስ አባት ኃጢአት፦
"ይቺ ጫጫ ላይ ነው፤ የሠርግ በቅሎ በርግጋ የረገጠቻት፤
ይቺኛዋ ሸዋ ሮቢት፤ ባለ ሽንኩርቱ ጋሪ ነው የገጨው፤
ይቺ ደግሞ የኔው ናት። እንቅልፍ ነው። ለማን ልንገረው።"

በቀኙ በር ላይ፣ ከመያዣው ዝቅ ብሎ፣ አንድ ነበረ
የቡጢ ያህል ጎድጓዳ። ስለሱ ግን አልተናገረ፤
እኔም አልጠየቅሁት። ሞላሁት። በስፓቱላ ሳብኩት፣ ሆነ እንደ ዕንቁላል።
"ገና እርጥብ ነው" ብለውም በጣቱ ጫፍ፣ በስሱ፣ ይፈልጋል፤
ሄደ፤ ተመለሰ፤ ቆመ። ያ "እዚህ ጋ" የሚል አፍ፣ ዝም።
"ጥሩ ነው" አለኝ፣ "ጥሩ ሠርተሻል።" እራት አልበላም።

ሌሊት በሩ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፤ ንፋስ ነው ብዬ ተኛሁ።
ጎህ ሲቀድ ባትሪ ይዤ የቀኙን በር አየሁ፤
ብርዱ ያላደረቀው ስቱኮ ላይ፣ ከመያዣው ዝቅ ብሎ፣
አውራ ጣት። ጠልቆ የገባ፤ መስመሩ እንኳ ተስሎ።

ብርጭቆ ወረቀቱን አነሣሁ። መልሼ ጣሳው ላይ አኖርኩት።
የገብስ እሸት የመሰለ አረንጓዴ ቀለም በጥብጬ፣ በፍሊት መንፊያ ነፋሁበት።
ወይዘሮ አስካለ በአጥር አየች፤ ረጅም ጊዜ አየች፤
ያን ቀን ስለ በግ አላነሣችም፤ ነጠላዋን ሰብስባ ገባች።

ቅዳሜ ካንዴላዋን ጠርጌ፣ የሰፈር ልጅ ሁሉ ገፍቶ፣
አሳለች፤ አስነጠሰች፤ ተነሣች። አባቴ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ
አጠገቤ ተቀምጧል፤ አውራ ጣቱ ወርዶ ቦታውን አገኘ።
ቦሎ የለንም፤ መብራቷ አንዱ ብቻ ነው፤ ማርሿ ይንቋቋል፤ ማን ተመኘ?

ጠባሴ መታጠፊያው ላይ ሞተሯ ሁለቴ ጠፋ።
"ጉሙ ከብዷል" ይላል አባቴ፣ "ሰው እንዳትገጪ፤ ጥሩንባ ይነፋ!"
ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ አንድ የደመና ብጣሽ የለ።
ነፋሁ። አንድ ባለአህያ ደንግጦ ጥግ ያዘና፣ "ምን ሆነሻል?" አለ።