የካባው ቆጣሪ

ሐና ማርያምን አልፎ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ሥራዬ ፉሪ ሥር፣ አቧራና ጭቃ።
ደብተር አለኝ አንድ፣ ጠርዙ የተበላ፤
ስንት መኪና ወጣ፣ ስንት ሜትር ኩብ ሞላ፣
ታርጋ እጽፋለሁ፣
ሰዓት እጽፋለሁ፣
ጭነቱን በዓይኔ ለክቼ ፈርሜ፣
ማታ እደምራለሁ፣ ዘበኛው በር ቆሜ።

ትናንት በምሳ ሰዓት፣ ወርዶፋ ጠራቢው፣
ቋጥኝ ለሁለት ከፍሎ፣ «ና» አለኝ፣ «እየው።
ወንፊት ነው ሆዱ፣ ዓይን በዓይን ነው ሁሉ፤
‹ድንጋይ ዳቦ ሳለ› አባቶች የሚሉ
አልዋሹም!» አለና
ጣቱን ሰደደበት፣ ከአንዱ ዓይን ከትቶ።
«ቦክቶ ነበር ይኸ፣ አየር ተነፍቶ፣
ከመሬት ምድጃ ገንፍሎ፣ ተደፍቶ፤
ቀዝቅዞ ደረቀ፣ የሚቆርሰው ጠፍቶ።»

ሳቅሁ። ቀና ስል ግን፣
የካባው ግድግዳ እንደ ደብተሬ ነው፣
ገጽ በገጽ ሆኖ፣ ማንም ያልፈረመው።
ታች ጥቁሩ ፍሳሽ፣ ላዩ ነጭ አመድ፤
አመዱ ተጭኖ ድንጋይ እስኪወለድ
ስንት ሺህ፣ ስንት ሺህ... ዜሮው ከመስመር ወጣ፤
እኔ የምቆጥረው እስከ ቅዳሜ ነው፣ ደሞዝ እስኪመጣ።

ከላይ፣ ከጫፉ ላይ፣ መረሬ ተኝቷል፤
ዐለት ነበር እሱም፣ ዝናብ አላምጦታል።
አንዲት መደብ ጤፍ ከዳሩ ቀርታለች፣
ቡልዶዘር እስኪመጣ ትወዛወዛለች።
ዳቦማ ሆኗል ለካ፣
ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ማንም ሳያቦካ።

የቀረውን ድንጋይ ክሬሸር ያደቀዋል፤
ከሲሚንቶ ጋራ ዳግም ዐለት ሆኗል፣
ያውም አራት ፎቅ፣ ያውም ኮንዶሚኒየም፤
ዕጣው ለወርዶፋ ወጥቶለት አያውቅም።

አቧራው ግን አለ።
ፊቱን ቢታጠበው፣ ከቅንድቡ ቢወርድ፣
ደረቱ ውስጥ ገብቶ ያ የጥንቱ አመድ
ንጣፍ በንጣፍ ላይ ሲጋደም፣ ሲረጋ፣
ያስለዋል ሌሊቱን፣ ሰማይ እስኪነጋ።

ዛሬ አልመጣም ወርዶፋ።
መሮው ከዚያው ቋጥኝ፣ ከዓይኖቹ ላይ ወድቋል።
ሰባት ሲኖትራክ ወጣ፣ ሁሉም ተመዝግቧል፤
ታርጋው፣ ሰዓቱ፣ ሜትር ኩቡ ሳይቀር።
ሒሳቡ ልክ ነበር፤
ግን ከደብተሬ ላይ ዓምድ ያጣሁለት
አንድ ጭነት አለ፣
በሰው ሳንባ ወጥቶ፣ ማንም ያልፈረመለት።