መብራት ሲሄድ

ከእኛ ግድግዳ ወዲያ፣ ጎረቤት ካለው ቤት
አርባ ማሽን ይሸምናል፣ ቀንና ሌት ሳይል ዕረፍት።
መወርወሪያው ሲሄድ፣ መወርወሪያው ሲመጣ
ብርጭቆ ይራመዳል ከመደርደሪያው ሊወጣ።
ፋይሰላባድ እንዲህ ነው፤ ከተማው አይተኛም።
አባቴ ግን ይተኛል። ምን ቢሆን አይሰማም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ቆመ፣ ከአራት ማሽን መሃል፤
ድር ሲበጠስ ይቋጥራል፣ ማግ ሲያልቅ ይተካል።
ለጆሮው መከታ፣ ከወለሉ አንስቶ
ይወትፍ ነበር አሉ ጥቂት ባዘቶ።
ጥጡ የጌታው ነው፤ ማታ በር ላይ ይፈተሻል፤
ጆሮው ውስጥ የገባው ግን ከማን ሒሳብ ይቆረጣል?

ቀድመው የሄዱት ቀጫጭኖቹ ናቸው፤
ድንቢጥ፣ የበር ደወል፤ ማንም ልብ አላላቸው።
አዛኑም ተከተለ። ጫማ ደጁ ላይ ሲደረደር
አይቶ ነው የሚነሳ፤ የሚቆመውም ከሰልፉ ዳር።
ከዚያ የእኔ ድምፅ ሄደ። የዋቃስ ግን ቀረ፤
ወንድሜ በዐሥራ አራቱ ጎርንኖ ነበረ።
"ምን ታንሾካሹኪያለሽ?" ይለኛል ተቆጥቶኝ፣
ጉሮሮዬ ሊቀደድ ጥቂት ሲቀረኝ።

ድምፄን ማውረድ ተማርኩ፤ አገጬን ደፍቼ፣
እንደ ጎልማሳ ወንድ ቃሌን ከሆድ ጎትቼ።
ትምህርት ቤት "አጎት ራፊያ" የሚል ስም አወጡልኝ።
አባቴ ግን አንድ ማለዳ ዞር ብሎ
"ወዬ ልጄ" አለኝ።

መጋቢት ላይ ነርስ መጣች፤ ማዳመጫ አጠለቀችለት፤
"ድምፅ ሲሰማ ቁልፉን ይጫኑ" አለችው በምልክት።
ወሬ ነበር፦ መስማት ያቃተው ሥራውን ያጣል ተብሎ።
አባቴ ዘዴ አገኘ፣ ጆሮውን ወዲያ ጥሎ፤
ጣቷን ያያል። ጣቷ ሲወርድ ይጫናል፤
ጣቷ ሲነሳ እሱም ይለቃል።
"ግሩም ጆሮ" ብላ ጻፈች። ፈረመ። ወደ ማሽኑ ተመለሰ።
ጌታው ወረቀቱን አየ፣ ከቦዩ ማዶ የሚኖረው፤
ደህና ጆሮ አለው እሱ፤ ዳባ ነው ያለበሰው።

በሐምሌ መብራት ሲሄድ አርባውም በአንዴ ይሞታሉ፤
ሸማኔዎች ከየበሩ ለነፋስ ብቅ ይላሉ፤
ያወራሉ በጩኸት፤ ጸጥታው መቼ ገባቸው!
ማን ከማን እንደተበደረ ሰፈሩ ሰማላቸው።

ያኔ ነው አባቴ የሚባንን።
ሰው ጫጫታ ያነቃዋል፤
እሱን አልጋው ሲረጋ። እግሩን ወለል ላይ ያሳርፋል፣
በውስጥ እግሩ ያዳምጣል።
"ቆሙ?"
"ቆሙ" አልኩት፣ በዚያ በጎልማሳ ድምፄ።
"እኔ ጋ አልቆሙም" አለ። "አንዲት ፌንጣ እዚህ ገብታለች፤
ስንት ዓመቷ መሰለሽ? ውሃ እንኳ ሳትጠይቅ ታፏጫለች።"

ዝም አልን። ውጭ አንዱ ስለ ሚስቱ ወንድም ይጮኻል።

"እስኪ በራስሽ ድምፅ አውሪ" አለኝ። "በድሮው፣ በቀጭኑ።"
ፋኖሱን ወደ ፊቴ አስጠጋሁ። የመጣልኝን አወራሁ፤
ስለ ፈተናው፣ ስለ ዋቃስ ጫማ፣ ስለ ጎረቤት ፍየል።
ከንፈሬን አየ፣ የነርሷን ጣት ባየበት ዓይኑ።
ስጨርስ ራሱን ነቀነቀ፤ "ሁሉንም ሰማሁ" አለ።
እኔም እንደ ነርሷ
አመንኩት።

መብራት መጣ።
አልጋው ተንቀጠቀጠ፤ ወዲያው እንቅልፍ ጣለው።
ብርጭቆውም መደርደሪያው ላይ
መንገዱን ቀጠለ።