አስታዋሽ

ሥራዬ ሹክታ ነው። በድሬ፣ በክበቡ፣
ምሽቱ ቀዝቀዝ ሲል ሰዎች ሲሰበሰቡ፣
እኔ ከመጋረጃው ኋላ፣ ዱካ ላይ፣
ደብተር በጉልበቴ፣ ማንም እኔን ሳያይ፣
ባትሪ በብብቴ፣ ላብ ጀርባዬን ሲያጥበው፣
ለረሳ ተዋናይ ቃል ነው የምቀልበው።

ረምዚ አይረሳም፤ መች አጥንቶት ያውቃል?
«አንቺ ካነበብሽው ለሁለት ይበቃል»
ይለኝና ይወጣል፣ ያባቱን ቆብ ደፍቶ፣
የባቡር ቤት ቆብ፣ ጠርዙ በብል ተበልቶ፣
ፊሽካ ባንገቱ ላይ፣ ሽርጡን ሸብ አድርጎ፣
አንዱን ጫማ ረስቶ፣ አንዱን ብቻ አጥልቆ፤
በፊሽካው፣ በቆቡ፣ ሰው የሚያሳፍር ጋርድ፣
የገዛ ባቡሩ ጥሎት የሚነጉድ።

መሀል ላይ ይቆማል። ቃሉ ጥፍት ይላል።
ሹክ እላለሁ። ዝም። ሹክ እላለሁ። ያስላል።
ወደ መጋረጃው ዞሮ፣ እጁን ካፉ አዙሮ፦
«አቦ ጮክ በይ እንጂ! በዚህ ሙቀት ቀልጧል የኔ ጆሮ!»

የአዳራሹ ቆርቆሮ ጣራው ይነቃነቃል፤
ጡረተኛው ሼፍ ደ ጋር ሳል እስኪይዘው ይስቃል፤
የአሸዋ ነጋዴ ሽርጡ እስኪፈታ፣
ኢፍቱ ባለፈቲራ ወንበር መትታ መትታ።

«እትዬ ሹክሹክ» አሉኝ ከዚያች ማታ ወዲያ፣
በባጃጅ፣ በመጋላ፣ በባቡር ጣቢያ፤
ፊቴን የማያውቁት፣ ድምፄን አውቀውት፣
ቲማቲም ስገዛ «ሹክ በይ» የሚሉት።

መሞቱን ማን ያምናል? ሠላሳ አራት ዓመቱ!
ሆስፒታል ስጠይቀው፣ አመድ መስሎ ፊቱ፣
«ኩላሊቶቼ» አለኝ «አድማ መቱ፣ ሁለቱ፤
ባቡር ቤት ላደገ ይሄ አዲስ አይደለም፣ ከጥንቱ።»
ነርሷ ስትስቅ ጊዜ መርፌዋ ደም ሥር ሳተ፤
«ይደገም!» አለና ክንዱን አመቻቸ።

ባሥር ሰዓት ወሰዱት። በነሱ ወግ ለካ
ሴት ከቀብር አትወርድም። ቀረሁ ከዚሁ ጋ፣
ደቻቱ ዳር፣ ከኒሙ ሥር። ወንዙ ውሃ የለው፤
ወንዶች በአሸዋው ላይ ቃሬዛውን አዝለው
ተቀባብለው ሄዱ። እኔ እንደ ልማዴ
ቆምኩ ከመጋረጃ ኋላ፤ አቧራው ነበረ ያሁኑ መጋረጃ፣
ሌላ አልነበረም።

ያን ጊዜ ያዘኝ የሥራዬ ፍርሃት፦
መላእክት ይመጣሉ ይላሉ፣ በዚያች ሌት፣
«ጌታህ ማን ነው?» ብለው።
ይሄ ሦስት ቃል እንኳ አጥንቶ የማያውቀው
ምን ሊመልስ ነው? ማን ነው ሹክ የሚለው?

ማታ ወንድሙ ኢምራን ደጄ መጣ፤
አፈሩ ገና ከጫማው አልወጣ።
ሕዝቡ ሊበተን ሲል ሼኹ ቁጭ አሉ አለኝ፣
ከራስጌው፣ ባዶ አፈር ላይ። ሲነግረኝ፣
እሱም ሹክ አለ።
በእናቱ ስም ጠሩት፦ «የመይሙና ልጅ ሆይ፣
ሲጠይቁህ እንዳትደነግጥ፣ ይሄን ትላለህ፣ ወይ?»
ቃል በቃል፣ ቀስ ብለው፣ ለአፈሩ እየነገሩ።
ተልቂን ይባላል አለኝ፤ ያስታውሱታል፣ እንዳይጠፋው ነገሩ።

«ከዚያ ዝም አልን» አለኝ። «ዝምታው ግን ቆየ፤
ሁሉም ይጠብቅ ነበር፣ ማንም ማንን ሳያየ።
ያንን ቦታ እናውቀዋለን፣ እትዬ፣ ክበብ የገባን ሁሉ፤
ዓይን ለዓይን ብንገጣጠም ኖሮ፣ ጉድ ነበር ለቀብሩ።»

ሳቅ ነበር፣ ከዚያ ግን እንባ ሆነ መሀሉን፤
እኔ ከቤቴ ሆኜ ሰማሁት ያን ቃሉን፣
ቆቡን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ወደ ሼኹ ዞሮ፦
«አቦ ጮክ በሉ እንጂ! አፈር ደፍኖታል የኔን ጆሮ!»

አሁን አዲስ ልጅ አለ፣ ቆቡን የሚደፋ፣
ጎበዝ ነው፣ ያጠናል፣ አንድ ቃል አይጠፋ።
እኔ ግን ደብተሩን በጉልበቴ ይዤ፣
የማያስፈልገኝን ባትሪ ይዤ፣
ትናንት ያች ቦታ ስትደርስ፣ እሱ ሳይቆም ሲያልፋት፣
ሹክ አልኩ።
ኢፍቱ ከፊት ወንበር
ማራገቧን ተወች።