ጠጠር

አባቴ ሙሄ ሹፌር ነበረ፣
ከአሰብ ኮምቦልቻ ስኳር ሲያመላልስ የኖረ።
የገርባን ዳገት አቃስቶ ጨርሶ
ግቢ ሲቆም መኪናው አቧራውን ለብሶ፣
ከተቀደደ ኬሻ የፈሰሰችው እፍኝ
የኔ ድርሻ ነበረች፤ ማንም አይከለክለኝ።

ለዚያች ነጭ ነገር በመንገዱ ሁሉ
ሰዎች እንደ አፋቸው ስም ያወጡ ነበር፤
ወደብ ላይ ዐረቡ ጭነት ሲቆጥር
«ሱከር» ይላል፣ «ሱከር»።
ከጅቡቲ የመጣው ረዳት «ሶንኮር»።
ባቲ ገበያ ላይ ኦሮሞዋ ነጋዴ
ሚዛኑን እየተጠራጠረች «ሱካራ»።
ጋራዥ ያሉት ሽማግሌ፣ ከጣሊያን ጋር የሠሩት፣
ዛሬም «ዙኬሮ» ነው የሚሉት።
እናቴ «ሱካር»።
አባቴ ሁሉንም ያውቃል፤
በየኬላው ምላሱን እንደ ማርሽ ይቀይራል።

ደሴ፣ ሰባተኛ ክፍል፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣
የጦሳ ጉም መስኮታችንን ሲከልል፣
የሂሳብ አስተማሪያችን ሚስተር ናምቢያር፣
ከህንድ የመጣው፣ ሹራብ በሹራብ የሚደርበው፣
የኪሎና የዋጋ ጥያቄ ጽፎ ሳይጨርስ
ጠመኔውን አስቀመጠና
«ይሄ ቃል ከኛ አገር ነው የተነሣ» አለ። «ሻርከራ።
በጥንቱ ልሳን ፍቺው ጠጠር ነው።»
ክፍሉ በሳቅ አውካካ።
ቅዳሜ ሐረጎን ወርጄ ለአባቴ ነገርኩት።
እሱ አልሳቀም።
«እውነቱን ነው። ጎኔ ያውቀዋል።
በመቶ ኪሎ ኬሻ ላይ ያደረ ሰው
ጠጠር መሆኑ አይጠፋውም።»

የአሰብ መንገድ ተዘጋ። መኪናው ተሸጠ።
ስኳሩ ግን ከአባቴ ላይ አልወረደም።
ሲስተር ዘነቡ ጣቱን ወግታ ቁጥሩን አየችና
«አባ ሙሄ፣ ስኳር አለብዎት» አለችው።
«የለብኝም» አላት፤ «ሁሉንም አራግፌያለሁ፣
ደረሰኙ ቤት አለ።»

ትናንት ለዙሁር ውዱእ ሊያደርግ
ጫማውን ሳወልቅለት ካልሲው ረጥቧል።
ደም ነው።
ከደሙ ውስጥ ሽንብራ የምታህል ጠጠር።
ከጠዋት ጀምሮ ረግጧት ሲሄድ ውሏል፤
እግሩ አልነገረውም።

አጠብኳት። መዳፌ ላይ አበራች፣
ስንት ባሕር አቋርጣ፣ ስንት አፍ አጣፍጣ፣
ወደ ጥንቱ ስሟ የተመለሰች።

«ምንድን ናት?» አለኝ፤ ዓይኑም ደክሟል።
«ስኳር ናት» አልኩት።
የጎማ ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሹፌር
አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆየ።
«ኬሻው» አለ፣
«የት ጋ ነው የተቀደደው?»