ቁርጡ

ሐምሌ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮ ይደልቃል፣
ከሱቄ ፊት ለፊት የቡሬ መናኸሪያ በጭቃ ይንቦጫረቃል።
ካውያዬን ይዤ፣ ያንድ ስፒከር ሆድ ከፍቼ ሳይ፣
ሴትዮዋ በሬዲዮ፦ «ስሜነህ ጥጋቡ ሰባ ሞላው፣ ሰምታችኋል ወይ?
ከዘፈኖቹ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጡ፣
ደውሉ፣ ንገሩን፣ የልባችሁን ቁርጡን አምጡ።»

አንድ ብቻ!
ሰውየው እኮ አርባ ዓመት ጊታር ባንገቱ ያሳደረ፣
ግጥሙን ራሱ ጽፎ፣ ዜማውን ራሱ የቋጠረ፣
በድምፅ ማጉያው ጩኸት የገበያ በቅሎ ያስደነበረ፤
አባቴ ሲሰማው «ጥርሱን ነው የሚያመው?» ይል ነበረ።

ጎረቤቴ አንለይ፣ ሞባይል ሻጩ፣ ሳያስብ መረጠ፦
«"ቁልቁለት" ነዋ! ዓባይ በረሃ ላይ ፍሬን የበጠሰውን ማን በለጠ?»
መምህር ዳምጤ ጃንጥላውን አራግፎ ገባ፣
«"የደሞዝ ቀን" ነው፤ ማነው እሱን ሰምቶ ስቆ ያላነባ?»
ተጨቃጨቁ። ዝናቡም መሃል ገብቶ ተጨቃጨቀ።
ካውያዬ በእጄ ላይ ቀዘቀዘ፣ ሥራዬ ተሰረቀ።

እውነት ለመናገር፣ የእነሱም ምርጫ ምርጫ ነው፤
«ቁልቁለት»ን ሰምቶ የተቃጠለ ጎማ የማይሸተው ማነው?
«የደሞዝ ቀን»ንም ወር በገባ በሃያ አምስት እሰማዋለሁ፣
በእርጅናው የሠራትን፣ ድምፁ የተሰነጠቀባትን፣ ብቻዬን ስሆን እወዳታለሁ።
ግን መውደድና መምረጥ አንድ አይደሉም፤
ስንቱን ወድጄ ስንቱን ተውኩ፤ የተውኩት አልተቆጠረም።

የእኔ፣ ካሴቱ ሲገለበጥ፣ አራተኛው ነው፤
ርዕሱን አላውቅም፣ ሽፋኑን ውሃ ነው የጨረሰው።
ስንሻው፣ በርበሬ ጫኙ ሾፌር፣ በጥገና ዕዳ ትቶልኝ የሄደ፣
ቴፔ አንድ ማታ አላምጦት ክሩ እንደ አንጀት የወረደ።
ትሁኔ ያን ማታ እጇን ሰጠችኝ፤ ለሥራው ማለቴ ነው።
የተጨማደደውን አራት ሰከንድ ቆርጬ ጣልኩ፤ ሌላ ምን መላ አለው?
ማጣበቂያ አልነበረኝ። ከቦርሳዋ ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣች፣
ሁለቱን ጫፍ አጋጥማ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ቀባች።
እስኪደርቅ ጠበቅን።
እስኪደርቅ ምንም አልተባባልን።
ይዘንብ ነበር መሰለኝ።
ወይ የዛሬው ዝናብ ነው ወደ ኋላ የዘነበልኝ።

ከዚያ ወዲህ ዘፋኙ «ከደጅሽ ቆሜ፣ ልነግርሽ የመጣሁት—» ይላል፣
ቀዩ ጠብታ ሲያልፍ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ፣ «ደህና እደሪ» ላይ ይዘላል።
ምን ሊነግራት እንደነበር ሠላሳ ዓመት አላወቅሁም፤
እሷም በጥር ለቻግኒ ሰው ተዳረች፤ እኔም አልጠየቅሁም።

አምና አንለይ ሙሉውን በፍላሽ አመጣልኝ፣ የጸዳ፣ ያልተነካ፤
አራቷን ሰከንድ ሰማኋት። ነግሯታል ለካ!
ጥሩ ስንኝ ነው፣ ቤቱም ይመታል፣ ማንም አይቀየምም፤
ግን ከሁለታችን መሃል ገብቶ የተቀመጠ እንግዳ ነው፤ ቦታው አልነበረም።

ደወልኩ። መስመሩ ሦስቴ ተቋረጠ፣ በአራተኛው አነሳች፤
«ካሴቱ ሲገለበጥ...» ብዬ ስጀምር፣ «ካሴት?» ብላ ሳቀች።
አንጎራጎርኩላት፤ እስከ «የመጣሁት» ድረስ፣ ከዚያ ዝም።
«ቀጥል እንጂ!» አለች። «ከዚያ በኋላማ የለም።
ቁርጡ እሱ ነው» አልኳት።
ዳምጤ የቅኔ ቤት ልጅ ነው፤ ቀና ብሎ አየኝ፤ ሳይገባው አልቀረም።

ከሦስት ሰው ምርጫ በኋላ የእኔን ከፈተችው፤
ዝናቡ አባርቷል፤ አንለይ እንኳ ስልኩን አስቀመጠው።
ጊታሩ መጣ። ያ ጥርሱን የሚያመው ድምፅ መጣ።
ጣቴን ከድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ አኑሬ ጠበቅሁት፣
«ከደጅሽ ቆሜ፣ ልነግርሽ የመጣሁት—»
ዘጋሁት።
አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።
ከፈትኩት።

«ደህና እደሪ» አለ።